ማሲንቆው ሳይሰቀል

ጥር 13 ቀን 2017፣ ዳባት

ጻፊ። እኔ ውዱ ነኝ፣ አዝማሪ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ከወገራ እስከ አዲ አርቃይ ያልገባሁበት የሠርግ ዳስ የለም፤ በር ላይ አቁሞ «ማንበብ ትችላለህ ወይ?» ያለኝ ሰው ግን የለም። ይህችን ደብተር የገዛችው ልጄ የትናየት ናት። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። «አባዬ፣ ሲመሽ ለግድግዳ ከምታወራ ለእኔ ንገረኝ፣ እጽፈዋለሁ» አለችኝ። እሺ። ግን ያልኩሽን ብቻ ነው፤ ማሳመር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱዓለም የሚባል ልጅ ከጎንደር መጣ። ልጅ እላለሁ እንጂ ራሱ መላጣ ነው። አባቱ የዚሁ የዳባት ሰው ነበር። ሥራው ድምፅ መቅረጽ ነው። እኔና በለጠች ድሮ ያወጣናቸውን ሁለት ካሴቶች ከሟች አባቱ ሳጥን አግኝቶ ሰምቷቸዋል። «ጋሼ፣ እንደ እናንተ ያለ ጥንድ አሁን የለም። አዲስ አልበም እንሥራ» አለኝ። አልበም ማለት ካሴት ነው፤ ካሴቱ ግን የለም፤ ዘፈኑ ስልክ ውስጥ ነው የሚኖረው።

እኔ ማሲንቆውን እመታለሁ፣ በለጠች ትዘፍናለች። አብረን ካልተጫወትን ሃያ ዓመት አልፏል። አልተጣላንም። አዲ አርቃይ ቆላ አንድ ባለ በሬ አገባች። ባልየው «ሚስቴ በሰው ሠርግ አትዘፍንም» አለ፤ በቃ። ጥሩ ሰው ነበር ይላሉ። እኔ አላውቀውም። ለማወቅም ጊዜ አልነበረኝም። አምና ሞተና ደባርቅ እህቷ ዘንድ ገባች።

ሥራው ሁዳዴ ሳይገባ ማለቅ አለበት። በጾም ማሲንቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አዝማሪ ነኝ እንጂ አረመኔ አይደለሁም። ከፋሲካ ወዲያ ደግሞ አንዱዓለም ሌላ ሥራ ይዟል። እኔም ብሆን ከፋሲካ ወዲያ እንዴት እንደምሆን ማን ያውቃል። ይህንን አትጻፊው።

ጥር 16

ደባርቅ ሄጄ በለጠችን አየኋት። ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች።

«አያ ውዱ፣ አረጀህ!»

«አንቺስ ልጃገረድ ሆነሽ ነው የጠበቅሽኝ?»

ሳቀች። ሳቋ ያው ነው።

ተቀመጥን፣ ማሲንቆውን ቃኘሁት። መጀመሪያ ድምፅዋ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለ። ቆይቶ ተከፈተ። እንደ ድሮው ከፍ አይልም፤ ዝቅ ሲል ግን ድሮ ያልነበረ ነገር ገብቶበታል፣ እንደ ከረመ ጠጅ። አልነገርኳትም። ሴት ሲያመሰግኗት ታበላሻለች።

ደጋኑ ግን አስቸገረኝ። ገመዱ ላይ ይንሸራተታል። ጭራው ነው። የባዝራ ጭራ ሸጠውልኝ ነው። ባዝራ ሽንቷን ጭራዋ ላይ ትረጨዋለች፣ ጭራው ይበሰብሳል። ለማሲንቆ የድንጉላ ፈረስ ጭራ ነው። በለጠች ስጫወት ቀኝ እጄን ታይ ነበር። ጭራውን ነው የምታየው።

«የአዲ አርቃዩን ሠርግ ታስታውሳለህ?» አለችኝ። እንዴት እረሳለሁ። ቀኝ እጄ ብርሌ ይዞ ሳለ «ዝፈኑ!» አሉን። እኔ ብርሌውን አላስቀምጥም አልኩ። ይቺ ባለጌ ደጋኑን ነጥቃኝ ጎኔ ተቀምጣ መገዝገዝ ጀመረች። እኔ በግራ ጣቶቼ ዜማውን ያዝኩላት። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። «ድገሙት!» ቢሉም አልደገምንም፤ እኔ ከለከልኩ። ሴት ደጋን አትይዝም። የአባቴ ማሲንቆ የመሳቂያ ዕቃ አይደለም።

ጥር 18

የድንጉላ ጭራ ተገኘ። ራሴ ለወጥኩት። ዛሬም ይንሸራተታል። ጭራው ላይ የሚቀባው ሙጫ ነው።

ሻይ ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ። የትናየት ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልታው። አንቺ ነሽ የሞላሽው፣ ጻፊ።

ጥር 22

ትናንት አስተርዮ ማርያም ነበረች፤ ዛሬ ቀረጻ ጀመርን። አንዱዓለም ደባርቅ አንድ ክፍል ተከራይቶ ግድግዳውን በሙሉ ብርድ ልብስ አልብሶታል። ድምፅ እንዳይወጣ ነው አለ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ድምፅ እንዲወጣ ስደክም የኖርኩ ሰው!

በለጠች አንዴ ዘፈነች፣ «በጣም ጥሩ» አላት። እኔን ግን፣

«ጋሼ፣ እንደገና።»

መታሁ።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ።»

መታሁ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ከመካከሉ እንያዘው።»

«ስማ ልጄ» አልኩት። «በሕይወቴ ‹እንደገና› ያለኝ ሙሽራ ብቻ ነው፤ እሱም ደስ ብሎት።»

አንዱዓለም ሳቀ። በለጠች አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ ሽንቴን ልሸና ወጥቼ ስመለስ አንዱዓለም ከቤቱ ጀርባ በስልክ ያወራል። «የእሷ ድምፅ ወርቅ ነው» ይላል። «የእሱ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በኮምፒውተር የሚስተካከል አይደለም። ያንን ልጅ ምስክርን አምጣልኝና ማሲንቆውን እሱ ይምታው። ሽማግሌው ፎቶው ሽፋኑ ላይ ይወጣል፣ ምንም አይቀርበትም።»

ስለ ሌላ ሥራ ነው የሚያወራው። ብዙ ሥራ ነው ያለው። በዚህ አገር ሽማግሌ ሞልቷል።

ብርዱ ዛሬ አጥንት ይሰብራል።

ጥር 24

በለጠች አልዘፍንም አለች።

መጀመሪያ የነገረኝ አንዱዓለም ነው። አላመንኩም፤ የትናየት ለበለጠች ደወለችልኝ።

«አያ ውዱ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ቆርቤያለሁ» አለች በለጠች። «የንስሐ አባቴ አባ ሃብተ ጊዮርጊስ ዘፈን ተዪ አሉኝ።»

«መቁረብሽን አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ስትስማሚ አልቆረብሽም ነበር?»

«አሁን ነው ያሉኝ።»

«አሁን ምን ታያቸው?»

«እንጃ። እሳቸውን መጠየቅ ነው» አለችና ኔትወርኩ ሄደ፤ ወይ ዘጋችው።

የቆረበ ከዘፈን ይርቃል፤ ደንቡን አውቃለሁ። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ባል ከለከላት፣ ባል ሲሞት ቄስ ተተካ! ይቺ ሴት ጉሮሮዋ የማን ነው? በጣም ተናድጃለሁ። በትልቁ ጻፊው።

ጥር 26

ትናንት እሑድ ከደባርቅ ወዲያ፣ ከተራራው ሥር፣ ሠርግ ነበረኝ። ብቻዬን። ድግሱ ሞቅ ሲል አባ ሃብተ ጊዮርጊስ ትዝ አሉኝና ግጥሟ ራሷ መጣች፦

«መስቀል ነበር እንጂ የቄስ መሣሪያው፣
ቁልፍ ያዘ አሉ ጉሮሮ ሊዘጋው።»

ዳሱ ተናጋ። የማን እንደሆነ ያላወቀ የለም፤ ያላወቀውም ጎኑ ያለውን ጠየቀ። ልጆቹ ሁሉ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹኝ።

አንድ ጎረምሳ ግን ከኋላ «ሽማግሌው ጠጥቷል፣ እጁን እዩት» አለ። ከአንድ ብርሌ በላይ አልቀመስኩም። የዛሬ ልጅ የሰከረና ያልሰከረ አይለይም።

የካቲት 1

ግጥሟ ከእኔ በፊት ዳባት ደርሳለች። ገበያ ላይ ሴቶቹ ይሉታል። የትናየት ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ተቀያይሯል።

«አባዬ፣ አባን ጠይቀሃቸዋል?»

«ምኑን?»

«መከልከላቸውን።»

«አዝማሪ ይናገራል እንጂ አይጠይቅም።»

«ባይከለክሉስ?»

ለማይረባ ጥያቄ መልስ አልሰጥም። ከዚያ ደግሞ የለመደችውን ጀመረች። እጅህን ሐኪም ይየው፣ ሁለት ወር ሆነ፣ እኔ በየቀኑ የሰው እጅ እያየሁ የአባቴ ያልፈኛል ወይ። ጻፊ፦ ውዱ አልታመመም። ጻፍሽ? አንብቢልኝ። እንደገና አንብቢው።

የካቲት 4

ጾመ ነነዌ። መንገዱ ተዘግቷል፤ ሚኒባስ ወደ ደባርቅ አይወጣም፣ ከጎንደርም አይመጣም። አንዱዓለም እዚያው ደባርቅ ተቀርቅሮ ይጠብቃል።

በሬን መቆለፍ አቃተኝ። ቀዳዳው ዝጓል።

ሁዳዴ እየመጣ ነው።

የካቲት 6

መንገድ ተከፈተ። አባ ሃብተ ጊዮርጊስ ቤቴ ድረስ መጡ።

ዛሬ አላጽፍም። ዝጊው።

የካቲት 7

ክፈቺው።

አባ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከደባርቅ ነው የመጡት። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ፣ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ።

«ግጥምህን ሰማኋት» አሉኝ። «የመንደሩ ልጅ ሁሉ ስልኩን ይዞ እየመጣ አሰማኝ። ጥሩ ናት። ግን አያ ውዱ፣ ቁልፉን ከየት አመጣህብኝ?»

«በለጠችን ከልክለዋታል።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ጥምቀት እንዳለፈ መጥታ ‹አባ፣ አያ ውዱ ዝፈኚ ብሎኛል፣ ልዝፈን ወይ?› አለችኝ። ይህ ምክር እንጂ ንስሐ አይደለም፤ ብናገረው አልጠየቅበትም። መጠጥ ቤት አትግቢ፣ ሰው አታዋርጂ፣ ለአገርሽና ለሙታንሽ ማንጎራጎሩን ግን ጉሮሮውን የሰጠሽ ጌታ አይጠላውም አልኳት። ያልኩት ይኸው ነው።»

«ታዲያ ስምዎን ምን ብላ አነሣችው?»

«የቄስ ስም ሰፊ ነው። ብዙ ነገር ይሸሸግበታል።»

«ምን ልትሸሽግ?»

አባ ቀኝ እጄን አዩት። ብርድ ስለነበር ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩት።

«እሱን እሷን ጠይቃት» አሉና ተነሡ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ያልኩት ሌላ ሆነ፤ «ግጥሟን እመልሳታለሁ» አልኩ። «የወጣች ግጥም አትመለስም» አሉኝ። «ሌላ ጨምርላት።»

እስከ በር ሸኘኋቸው። ኮቴያቸው ከራቀ በኋላም እዚያው ቆሜያለሁ። አዝማሪ ሰውን በሐሰት መዝለፍ ነውር ነው። አባቴ ቢሰማ ማሲንቆውን ከእጄ ይቀማኝ ነበር።

የካቲት 9

ዛሬ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደባርቅ በለጠች ዘንድ ሄድኩ። ማሲንቆውን ለምን ይዤ እንደሄድኩ አላውቅም። ልማድ ነው። እህቷ አየችንና «ገብስ አሰጥቻለሁ» ብላ ወጣች።

«ዋሸሽኝ» አልኳት።

«ዋሸሁህ።»

«ለምን?»

«አንዱዓለም ምስክር የሚባል ልጅ ማሲንቆውን ይምታ አለ። አንተ ፎቶ ብቻ ሁን ነው ነገሩ። እኔ ከአንተ ሌላ ከማንም ማሲንቆ ጋር ዘፍኜ አላውቅም፤ እምቢ አልኩ። እውነቱን ብነግርህ ትሞታለህ። የአባን ስም ባነሣ ግን ትሳደባለህ እንጂ አትሞትም።»

«እጄ ደህና ነው» አልኳት።

«እሺ።»

«ጭራው ነው።»

«እሺ፣ አያ ውዱ።»

«እሺ አትበይኝ!»

ባጃጅ ስታልፍ መስኮቱ ተርገበገበ። ከዚያ እንዲህ አልኳት፤ እንዳልኩት ጻፊው፦ «ከልጁ ጋር ዝፈኚ። እኔ ለማንም ፎቶ አልሆንም፣ ስሜንም አታንሡ። ድምፅሽ ግን ከእህትሽ ማጀት እንዳይቀር። ሃያ ዓመት ቀርቷል፣ ይበቃዋል።» ይህን ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። ከማጀት ጢስ ይመጣ ነበር።

በለጠች ማሲንቆውን ከጨርቁ አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። በቀኜ በኩል ተጠግታ ተቀመጠች፣ ጉልበቷ ጉልበቴን ነካ። ደጋኑን አነሣች።

«አዲ አርቃይ» አለች።

«ሴት ደጋን አትይዝም።»

«ቆራቢም አትዘፍንም ሲባል አልነበር? ግራ እጅህን አምጣ።»

«የመሳቂያ ዕቃ አይደለም!»

«ማን ሳቀ?»

ማንም አልሳቀም። ግራ እጄን አመጣሁ። እሷ ሳበች፣ እኔ ያዝኩ። የትናየት፣ ይህን አጥርተሽ ጻፊ። ግራ እጄ እንደ ጥንቱ ነው። ምንም አልሆነም። የሚንቀጠቀጠው ቀኙ ብቻ ነው።

የካቲት 12

ልምምድ። ደጋኑን የምትስበው እንደ ሞፈር ነው። «ማሲንቆ ነው እንጂ ማሳ አይደለም!» እላታለሁ። «እርሻ ነው ባልሽ ያስተማረሽ።»

«እሱ ሲያስተምር አይጮህም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ድምፄን ቀነስኩ። ጉሮሮዬን ስላመመኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዱዓለም ፊት ተቀመጥን። መጀመሪያ ሲያየን አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ሳቅ ነበር። ጀመርን። እጁ ከአፉ ወረደ። ስንጨርስ ማዳመጫውን አውልቆ ወለሉን ያያል።

«እንደገና?» አልኩት።

«አያስፈልግም፣ ጋሼ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ይሄ በቪዲዮ ቢለቀቅ አገር ያብዳል» አለ።

«ቪዲዮ የለም። ፎቶም የለም። የሚሰማ ይስማ።»

ስለ ምስክር አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁበትም። ከጀርባ ሲያወራ የሰማሁትንም አላነሣሁበትም። ግን ሻይ ሲያመጣልኝ ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ቀድቶ በግራ እጄ በኩል አስቀመጠልኝ። ያየ ልጅ ነው።

የካቲት 14

ስንቀርጽ ዋልን። መብራት ሁለቴ ጠፋ። አንድ ዘፈን ውስጥ የአህያ ጩኸት ገባ፤ አንዱዓለም ልቁረጠው ሲል በለጠች «ተወው፣ የደባርቅ አህያ ነው፣ ከዜማው አልወጣም» አለች።

አንድ ነገር አለ። በለጠች እየዘፈነች ትንፋሽ ስትወስድ እጇም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ዘፈኖቹ ሁሉ ዘገዩ። ድሮ ዳስ የሚያስጨፍሩት ዛሬ እንደ ሽማግሌ ዳገት ይወጣሉ፤ ትንሽ ሄደው ያርፋሉ፣ አገር ያያሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። መጀመሪያ አናደደኝ። አሁን ሳስበው ሌላ አካሄድ ያላቸው አይመስለኝም።

የአባንም ዕዳ ከፈልኩ፦

«ቁልፍ ያዙ ብዬ የዘለፍኳቸው፣
በሬን ከፍተው ገቡ መስቀል በእጃቸው።»

ስልክ ይዘው ወደ አባ የሚሮጡት ልጆች ይህችንም ያድርሱልኝ።

የካቲት 16

ዛሬ ቅበላ ነው፤ ኪዳነ ምሕረትም ናት። ነገ ሁዳዴ። ከዳባት እስከ ደባርቅ በየቤቱ ሥጋ ይጠበሳል። እኛ ግን ብርድ ልብስ በለበሰው ክፍል ውስጥ ነበርን፤ አንድ ዘፈን ቀርቶናል።

የመጨረሻው እንጉርጉሮ ነው። ግጥሙን አብረን ነበር ያዘጋጀነው፣ ሁሉን አውቀዋለሁ። መጨረሻው ላይ ደጋኑን ልታቆም ነው ብዬ ጣቶቼን ሳነሣ አላቆመችም። ያልተነጋገርነውን አመጣች፦

«ቀኙን እጅ ከእኔ፣ ግራውን ከውዱ፣
አንድ ሰው ይወጣል ሁለት ሲዋደዱ።»

ጣቴ ቦታውን ስቶ ነበር፤ ቶሎ መለስኩት። አንዱዓለም አልሰማም። ወይም ሰምቶ ተወው። «አለቀ» አለን። የበለጠች እህት ክትፎ ልካ ነበር፤ እዚያው ቆመን በላን።

ልሄድ ማሲንቆውን ስጠቀልል በለጠች ደጋኑን አልሰጥም አለች። ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣዋለች።

«በጾም ደጋን ምን ይሠራልሻል?»

«ምንም። እኔ ዘንድ ይሰንብት። በፋሲካ መጥተህ ትወስደዋለህ።»

«ባልመጣስ?»

«ያለ ደጋን ወዴት ትሄዳለህ?» አለችኝ። በሩን ከፈተችልኝ።

ይኸው ማሲንቆውን ሰቀልኩት። ሚስማሩ ላይ የማንጠልጠያውን ገመድ ያስገባችልኝ የትናየት ናት፤ እኔ በግራ እጄ ደገፍኩ። ያለ ደጋን ግድግዳ ላይ ሲንጠለጠል አይቼው አላውቅም። ራቁቱን የቀረ ይመስላል። ነገ ከእሷ ጋር ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ ብያታለሁ። የማሳየው ጉልበቴን ነው። እጄንም እግረ መንገድ ካዩት ይዩት።

የትናየት ምን ያስቅሻል? ስለ ግጥሙ ነው? «ሲዋደዱ» ያለችው ቤት እንዲመታላት ነው። የአዝማሪ ልጅ ሆነሽ ይህ ይጠፋሻል? «ውዱ» ካለች በኋላ መዝጊያ ፈልጋለች፣ ያገኘችውን አደረገች። ሌላ ትርጉም የለውም። እንዲያውም ሌላ መዝጊያ ሞልቷል። «ሲወርዱ» ይመታል። «ሲከብዱ» ይመታል።

«ሲሄዱ»ም ይመታ ነበር። እሱን አላለችም።